ከማወዛት ወደ ማክሳት፦ የሠርግ ዋዜማ መክሰስ በጂንካና በደቡብ ኦሞ

ጥር ሲቃረብ ጂንካ ውስጥ ድንኳንና ወንበር አከራዮች ፋታ ያጣሉ፤ ልብስ ሰፊዎች ቀጠሮ ያራዝማሉ፤ እጮኛሞች ደግሞ ምሳ መዝለል ይጀምራሉ። ይህ የመጨረሻው ልማድ አዲስ ነው። በፊት በፊት ሠርጓ የቀረበ ልጅ ምግብ ብትቀንስ እናቷ «ልጄን ምን ነካብኝ» ብላ ትደነግጥ ነበር። አሁን «ቬሎው እንዲገባልሽ ትንሽ ቀነስ አድርጊ» የምትለው እናትየዋ ራሷ ናት።

የህንድ መክሰስ ወሬ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ዚ ዓለም የተባለው ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. የህንድ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የህንድ ሠርግ ከነዘፈኑ፣ ከነጌጡ፣ በሙሽሮች ገላ ላይ ከሚቀባው እርድ ጋር በየሳሎኑ ገብቷል። አብሮትም ለሙሽሮች የሚሆኑ ጤናማ የህንድ መክሰሶች ዝርዝር ከስልክ ስልክ ይዘዋወራል፤ የተቆላ ሽምብራ፣ ሳቱ፣ የሰሊጥ ላዱ፣ የዳጉሳ ላዱ (ላዱ ድብልብል ጣፋጭ ነው)፣ ቺኪ፣ ማካና። ዝርዝሩ መልካም ነው፤ ከኬክና ከለስላሳ መጠጥ እጅግ ይሻላል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከማካና በቀር የሁሉም መሥሪያ በጂንካ የቅዳሜ ገበያ መሬት ላይ በጣሳ እየተሰፈረ ሲሸጥ፣ ሙሽሮቻችን ግን «ከአዲስ አበባ የሚልክልኝ ሰው ባገኝ» እያሉ በባዶ ሆዳቸው ይውላሉ።

ከዚህ በታች የሠርግ ዋዜማ አበላል በዚህ አካባቢ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ እመለከታለሁ። በጂንካ ዙሪያ ያለው የአሪ ደጋ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ወዲህ ከቆላው ደቡብ ኦሞ ጋር በአስተዳደር ተለያይቷል፤ በገበያና በጋብቻ ግን ደጋውና ቆላው እንደ ተሳሰሩ ናቸው፤ እኔም አብሬ አያቸዋለሁ።

ወተት፣ ማርና ቅቤ

ከቆላው ልጀምር። ሐመር ዘንድ ወንድ ልጅ ለትዳር የሚበቃው ከብት ከዘለለ በኋላ ነው። ዘሎ ገና ያላገባው ወጣት ማዝ ይባላል። ማዝ እንደ ማንም አይበላም፤ ምግቡ በዋናነት ወተት፣ ሥጋ፣ ማር፣ የከብት ደምና ቡና ነው። በነጠላነትና በትዳር መካከል ያለውን ጊዜ ኅብረተሰቡ በልዩ አበላል ለይቶ ያስቀመጠው ማለት ነው፤ ወጣቱ በዚያ ጊዜ ጠንክሮ እንዲወጣ እንጂ እንዲሟሽሽ አይፈለግም። የዝላዩ ዕለት ለሚመጣው እንግዳ የማሽላ ጠላ፣ ፓርሲ፣ ይጠመቃል፤ የቡና ገለባ በትልቅ ማሰሮ ተፈልቶ በቅል ይታደላል። ይህን መጠጥ ጂንካ ላይ ሸፈሮ እንለዋለን። ሙሽሪትም ከተዳረች በኋላ ገላዋ በቀይ አፈርና በቅቤ ተቀብቶ በአማቷ ቤት ትቆያለች። ለጥሎሽ ከሚሰጠው ከብትና ፍየል ጎን ማርም አለበት።

ስለ ሐመር ሠርግ የቆየ ምስክርነት ለሚፈልግ ሰው የአንትሮፖሎጂስቶቹ የኢቮ ስትሬከርና የጂን ሊዳል ሥራ አለ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ዳምባይቲ በምትባል የሐመር መንደር ከነዋሪው ጋር ኖረው እ.ኤ.አ. በ1979 ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተሙ። ሊዳል ከጆአና ሄድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 የሠራችው «ቱ ገርልስ ጎ ሀንቲንግ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ለማያውቋቸው ባሎች የሚዳሩ ሁለት የሐመር ልጃገረዶችን የዝግጅት ጊዜ ይከተላል።

በሰላማጎ ወረዳ የቦዲዎች ካኤል በዓል ከሠርግ ጋር አይገናኝም። ሆኖም በአካባቢው ስለ ሰውነት የነበረውን አስተያየት ስለሚያሳይ ላንሣው። ወጣት ወንዶች ለወራት ከሰው ተለይተው ወተትና ደም እየጠጡ ይወፍራሉ፤ በበዓሉ ቀን ሆዱ የገፋው ይከበራል። ከዚህ ወረዳ በመኪና ጥቂት ሰዓት ርቃ በምትገኘው ጂንካ ዛሬ ሙሽራው ሆዱን ለማጥፋት ጠዋት ጠዋት የአየር ማረፊያውን ሜዳ ይዞራል።

ወደ አሪ ደጋ ሲወጣ መሶቡ ይለወጣል። እንሰት፣ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ስኳር ድንች፣ በቆሎና ማሽላ አለ፤ ቡናና ኮረሪማ ከጓሮ ይለቀማል፤ ማር ከቀፎ ይወርዳል። የተቀቀለ ጎደሬ ወይም ቦዬ ከትኩስ ቡና ጋር ለእንግዳም ለቤተሰብም የሚቀርብ መቆያ ነው። መክሰስ ተብሎ ለብቻው ስም አልወጣለትም እንጂ መክሰስ ነው፤ በዚያ ላይ ያልተፈተገ፣ ያልተጠበሰ፣ ስኳር ያልገባበት።

ሦስተኛው ወገን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በባኮ፣ በኋላም በጂንካ የሰፈረው ወታደር፣ ሹምና ነጋዴ ይዞት የመጣው የሰሜኑ ሠርግ ነው። እርሱም በሶውን፣ ጭኮውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ገንፎውንና ጠጁን አመጣ። በዚህ ቤት የምትዳር ልጅ ከፀሐይ ትከለላለች፣ ፀጉሯ ቅቤ ይጠጣል፣ ወተትና አብሽ ይቀርብላታል፤ ሥራ ይቀነስላታል። ዓላማው ሙሽሪት ወዛ እንድትታይ ነው። የሐመሩ ቅቤና የሰፋሪው ቅቤ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ትዳር የሚገባ ሰው ጠግቦ ይገባል።

እነዚያን ዓመታት ገነት አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ያ የወተት ዘመን ድርቅ ሲመጣ የሚነጥፍ ነበር፤ ልጃገረድም በፈቃዷ ሳይሆን በአባቷ ቃል ትሄድ ነበር። ስለ አበላሉ ግን መልካሙን መካድ አይገባም።

ኬክ፣ ለስላሳና ሳምቡሳ

ለውጡን ያመጣው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአሪና በጂንካ ሲስፋፉ ከሠርጉ ጠጅና አረቄ ወጣ፤ በእሱ ፋንታ ለስላሳ መጠጥ በሣጥን ገባ። ስካርና ጠብ ስለቀነሰ ብዙ ቤተሰብ አመስግኗል። ስኳሩን ግን ማንም አልቆጠረውም። አንድ ጠርሙስ የተለመደ ለስላሳ 300 ሚሊ ሊትር ቢሆን ወደ 32 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይይዛል። በሽምግልናው፣ በቀለበቱ፣ በልብስ ልኬታው፣ በሚዜዎች ስብሰባ ሁሉ ጠርሙስ ይከፈታል። ሙሽሮቹ የሠርጉ ቀን እስኪደርስ የሚጠጡት ከሠርጉ ቀን ይበልጣል።

የኮንሶ–ጂንካ መንገድ አስፋልት ሲሆን ደግሞ የተፈተገ የስንዴ ዱቄት፣ የፓልም ዘይት፣ ብስኩትና ፓስታ እንደ ልብ ደረሰ። የጂንካ መንገድ ዳር በቦንቦሊኖና በሳምቡሳ ሞላ። ሳምቡሳ ራሱ የህንዱ ሳሞሳ ዘመድ ነው፤ ከፋርስ ተነሥቶ በዓረብ አገር በኩል እኛ ዘንድ ከደረሰ ብዙ ትውልድ አልፎታል። በውስጡ ያለው ምስር ጥሩ ምግብ ነው፤ ችግሩ ዘይቱ በተደጋጋሚ መጥበሻ ላይ መቃጠሉ ነው።

በዚሁ ዘመን ቆላው በሌላ መንገድ ተለወጠ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ መያዝ ሲጀምር የኦሞ ወንዝ ዓመታዊ ሙላት ቀረ፤ ሙላቱ በሸሸበት ደለል ላይ ማሽላ የሚዘሩት እንደ ካሮና ዳሰነች ያሉ ማኅበረሰቦች የቆየ እርሻቸው ተናጋ። በኋላ የመጡት ተደጋጋሚ ድርቆችና በዳሰነች የደረሰው የጎርፍ መፈናቀል ከብቱን አሳነሱት። ወተት ሲያንስ ለሠርግ የሚቀርበው ወተት ብቻ አይደለም የሚያንሰው፤ ለማዝ፣ ለሙሽሪት፣ ለአራስ የተለየ ድርሻ የመስጠት ልማዱም አብሮ ይሳሳል። ይህ የዳሰሳዬ አሳዛኙ ክፍል ነው፤ በላዱ አሠራር የሚፈታም አይደለም።

ማክሳት የመጣው ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ከተማዋ ደመወዝተኛ ወጣት አበዛች፤ ስልኩም በየኪሱ ገባ። የሠርግ ቪዲዮና ፎቶ ከድግሱ እኩል ተፈላጊ ሆነ። ፎቶ ቀጭን ወገብ ይወዳል። እጮኛሞች በባዶ ሆድ ሎሚና ማር፣ የአብሽ ውኃ፣ «ዲቶክስ» የሚባል ሻይ፣ እራት መዝለል ጀመሩ። አብሽና ተልባ በራሳቸው ጥሩ ናቸው፤ ምግብ ሲተኩ ግን ይጎዳሉ። አብሽ የደም ስኳር የማውረድ ጠባይ ስላለው የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ቢያበዛው አደጋ ነው። ሰውነት በሦስትና በአራት ሳምንት ረሃብ የሚያጣው ስብ ብቻ ሳይሆን ውኃና ጡንቻም ነው፤ ፊት ይጠወልጋል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ የሠርጉ ዕለት ድካም ይይዛል። እናቶች በቅቤና በገንፎ ያመጡት የነበረውን ወዝ በረሃብ ማግኘት አይቻልም።

ከህንድ የመጣው ዝርዝር ሲፈተሽ

የህንድና የእኛ የሠርግ ወራት ይገጣጠማሉ። በሰሜን ህንድ ለሠርግ መልካም አይደለም ተብሎ የሚታለፍ ወር አለ፤ ወሩ የሚያበቃው በጥር 6 ገደማ በሚውለው በማካር ሳንክራንቲ በዓል ነው። ከዚያ በኋላ ሠርጉ እንደ ገና ይፈቀዳል። በዚያው በዓል ሰው ሁሉ የሰሊጥ ላዱ ይበላል፤ ሰሊጥና የሸንኮራ ስኳር በብርድ ወቅት ሰውነት ያሞቃል ብለው ያምናሉና። እኛም ገናንና ጥምቀትን አሳልፈን፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሠርግ እናግተለትላለን። በአንድ ሰሞን ሁለት ሕዝብ ለአንድ ጉዳይ ሲዘጋጅ፣ ያ ሕዝብ ሰሊጥ ይቋጥራል፤ የእኛ ልጆች ይራባሉ።

እህሉም ቢሆን በሁለቱ አገሮች መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው። ህንዶች ራጊ የሚሉት ዳጉሳ ከኢትዮጵያ እስከ ዩጋንዳ ባሉት የምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ለማዳ ሆኖ ከሺህ ዓመታት በፊት ወደ ህንድ የተሻገረ ነው። ዛሬ በካርናታካ ለሙሽራ የሚመከረው የራጊ ላዱ ከእኛው ዘር ነው ማለት ይቻላል። ጆዋር የሚሉት ማሽላም ከአፍሪካ የሄደ ነው። በአንጻሩ ሰሊጥና በኮንሶ አካባቢ የምናውቀው የርግብ አተር ከህንድ ምድር ወደዚህ መጡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በህንድ ሐሳብ አቅራቢነት እ.ኤ.አ. 2023ን የዳጉሳ ቤተሰብ እህሎች ዓመት ብሎ ሲሰይም ማሽላንና ጤፍንም በዚሁ መደብ ቆጥሯቸዋል። ህንድ በዚያ ዓመት የገበሬዋን እህል በመንግሥታዊ ግብዣ ሳይቀር አስከበረች። ጂንካ ላይ ግን የማሽላ ቂጣ አሁንም የድኃ ምግብ ተብሎ ከሠርግ ድንኳን ይርቃል። ይህ ያናድደኛል።

ማካና የውኃ ተክል ዘር ነው፤ በቢሃር ግዛት ኩሬዎች ይበቅላል፤ እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳል። እዚህ የለም፤ አያስፈልግምም። የማሽላ ፈንዲሻ ያለ ዘይት በድስት ቢፈነዳ ሥራውን ይሠራል።

ሳቱ የተቆላ ሽምብራ ዱቄት ነው፤ የቢሃር የቀን ሠራተኛ በውኃና በሎሚ በጥብጦ ይጠጣዋል። ይህ የእኛ በሶ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ በሶ ከገብስ መሆኑ ብቻ ነው። እኔ የምመክረው ሁለቱን ማደባለቅ ነው። ሁለት እጅ የተቆላ ገብስ፣ አንድ እጅ የተቆላ ሽምብራ አብሮ ቢፈጭ የገብሱና የሽምብራው ፕሮቲን ይሟላላል። ለልብስ ልኬታና ለካርድ እደላ ሲሯሯጡ የሚውሉ እጮኛሞች በፌስታል ይዘውት በውኃና በጥቂት ማር በጥብጠው መጠጣት ይችላሉ።

ስለ ሽምብራ ትንሽ ልዘግይ፤ ከዝርዝሩ ሁሉ የበለጠ የሚገባው እሱ ነውና። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ የሽምብራ አምራቾች አንዷ ናት። ጂንካ የሚደርሰው ከደጋ አገር ነው። 164 ግራም የሚሆን አንድ ስኒ የተቀቀለ ሽምብራ ወደ 15 ግራም ፕሮቲን፣ ከ12 ግራም በላይ አሰር፣ 280 ማይክሮግራም ያህል ፎሌት የተባለ ቫይታሚን ይሰጣል። ፎሌቱን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ሽምብራው ሲቆላ ከፎሌቱ የተወሰነ ስለሚጠፋ ሙሽሪት ቆሎውን ብቻ ሳይሆን ንፍሮውንም ብትበላ ይሻላል። ማታ ተዘፍዝፎ ጠዋት ተቀቅሎ፣ ሚጥሚጣ፣ ቀይ ሽንኩርትና የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲደረግበት ህንዶች መንገድ ዳር የሚበሉት ቻት እርሱ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ዐርብና ረቡዕ የማይከለክለን የጾም መክሰስ። የርግብ አተርና ቦሎቄም እንዲሁ ይሆናሉ።

ቺኪ ኦቾሎኒ በቀለጠ የሸንኮራ ስኳር ተጋግሮ የሚቆረጥ ነው። ኦቾሎኒው ጥሩ የፕሮቲንና የቅባት ምንጭ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እርጥበት አግኝቶ የሻገተ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ መቁላት አያጠፋውም። የተሸበሸበውን፣ የጠቆረውን፣ መራራውን እየለቀሙ መጣል ግድ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ የተሰባበረው አይገዛ።

የሰሊጥ ላዱ ለጂንካ እንደ ተሠራ ነው። ሰሊጥ በቆላው ይመረታል፤ ማር ሞልቷል። ሰሊጡን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በወንፊት አጥልሎ በሰፌድ ማድረቅ። ብረት ምጣድ ላይ በዝግታ እሳት ማመስ፤ መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ ማውጣት፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል። ሦስት ስኒ ሰሊጥ ከሆነ አንድ ስኒ ማር በትንሽ ድስት ማሞቅ፤ ጠብታው ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲወድቅ ሳይበተን ሲቀመጥ ደርሷል። ሰሊጡን ጨምሮ ማማሰል፤ የአሪ ኮረሪማ ፍሬ ሁለት ሦስት ወቅጦ ጣል ማድረግ። ሙቀቱ እጅ የሚያስችል ሲሆን መዳፍን በውኃ እያራሱ የትንሽ ሎሚ ግማሽ እያከሉ ማድበልበል። ካልተላጠ ሰሊጥ 100 ግራሙ ወደ 975 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው፤ ወተት ለራቀው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሰሊጥና ማር ጉልበታቸው ብዙ ነው፤ በቀን ሁለት ድብልብል ይበቃል፤ በሳህን ተሞልቶ የሚበላ አይደለም።

የዳጉሳው ላዱ ደግሞ ቀላል ነው። የዳጉሳ ዱቄት ደረቁን ይታመሳል፤ ትንሽ ቅቤና ማር ይገባበታል፤ ይድበለበላል። ጭኮ የምታውቅ እናት ሳትማረው ትሠራዋለች።

ህንዶች ሞሪንጋን ከጥንት ያውቃሉ፤ የእነሱ ዛፍ ከሂማልያ ግርጌ የበቀለው ዝርያ ነው። የእኛው ሺፈራው ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ አገሩ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው፤ ከኮንሶ እስከ ደቡብ ኦሞ በየጓሮው ይቆማል። ቅጠሉ በጎመን ፋንታ ተቀቅሎ ከእህል ዱቄት ከሚድበለበለው ኩርኩፋ ጋር ይበላል። ካልሲየም፣ ብረትና የቫይታሚን ኤ ምንጭ አለው። ከተማ ሲገባ በሻይ ከረጢት ታሽጎ «ያከሳል» እየተባለ ይሸጣል፤ ይህ ሺፈራውን ማዋረድ ነው። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በዳቦ ቆሎ ሊጥ ውስጥ መለወስ ይሻላል። ዳቦ ቆሎው አረንጓዴ ይሆናል፣ ጣዕሙ ጥቂት መረር ይላል፤ በኮረሪማና በጥቁር አዝሙድ ይስተካከላል። ሥሩንና ቅርፊቱን ግን እርጉዝም ሆነች ልትፀንስ የምታስብ ሴት አትንካው።

ፎሌቱ

የዳሰሳዬ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። በአገራችን ብዙ ሙሽሪት ከሠርጓ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ትፀንሳለች። የሕፃን አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንስ በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ከማወቃቸው በፊት። በዚያ ወቅት ሰውነቷ ውስጥ በቂ ፎሌት ከሌለ ሕፃኑ የህብለ ሰረሰር ክፍተት ይዞ ሊወለድ ይችላል። በኢትዮጵያ ይህ ጉዳት በከፍተኛ ቁጥር ከሚታዩት የተፈጥሮ ጉድለቶች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልትፀንስ የምታስብ ሴት ከመፀነሷ በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም በክኒን የሚሰጥ ፎሌት፣ እንድትወስድ ይመክራል። እኛ ዘንድ ክኒኑ የሚሰጠው በእርግዝና ክትትል ነው፤ ብዙ እናቶች ክትትል የሚጀምሩት ደግሞ ቱቦው ከተዘጋ ከቆየ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ያሉት ሁለትና ሦስት ወራት ለቬሎ ብቻ መሰጠት የለባቸውም። ለሚወለደው ልጅ የሚሰነቅባቸው ወራት ናቸው። የሐመርና የሰሜኑ እናቶች ስለ ፎሌት ማንም ሳይነግራቸው ሙሽሪትን ማብላት አውቀው ነበር፤ የእኛ ትውልድ ስለ ፎሌት እያነበበ ያስርባታል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ፣ የምግብ ዘይትም ቫይታሚን እንዲጨመርበት አስገዳጅ ደረጃ አጽድቋል። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነው። የማሽላና የእንሰት አገር ግን የበለጸገው የስንዴ ዱቄት እስኪደርሰው መጠበቅ የለበትም፤ በሺፈራው፣ በሽምብራ፣ በቦሎቄ፣ በአቮካዶና በማንጎ መጀመር ይችላል። ክኒኑን ግን ምግብ ይተካዋል እያልኩ አይደለም፤ አይተካውም።

የደም ማነስም አለ። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች የደም ማነስ ያለባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 27 በመቶ፣ በ2011 17 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 24 በመቶ ነበሩ። ወርዶ ተመልሶ ወጣ። ምሳ የምትዘል ሙሽሪት ቁጥሩን ወደ ላይ ከሚገፉት ወገን ናት። ቡና በምንወድበት በዚህ አገር አንድ ቀላል ነገር ብዙ ይለውጣል፤ ቡና፣ ሻይና ሸፈሮ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይይዙታል። አንድ ሰዓት ማራቅ ነው። በአንጻሩ ሎሚና ማንጎ ብረቱን ያቀላጥፋሉ። የጂንካ ማንጎ ከመክሰሱ ጋር፣ ቡናው በኋላ።

ሙሽራውም ከዚህ አይዘለል። ስለ አመጋገብ ሲነገር ሁልጊዜ ሙሽሪት ብቻ ትመከራለች። እሱ ግን ከሚዜዎቹ ጋር ሥጋ ቤትና ቢራ ቤት ያመሻል። የተቆላ ሽምብራና በሶ ለሁለቱም ይሠራሉ፤ አብረው የሚበሉት ነገር ከሠርጉ በኋላ በቤታቸው ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ በየቤቱ መስበክ ይከብዳል። መግቢያ የሚሆን በር ግን አለ። በጂንካ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ከጋብቻ በፊት እጮኛሞችን ለኤችአይቪ ምርመራ ወደ ጤና ተቋም የመላክ ልማድ አላቸው። ሁለቱም በአንድ ቀን አብረው ይሄዳሉ፤ ደም ይሰጣሉ። በዚያው ደም የሄሞግሎቢን መጠን ማየት ይቻላል፤ በዚያው መስኮት ለሙሽሪት የፎሊክ አሲድ ክኒን መስጠት ይቻላል፤ የጤና ባለሙያዋም በአምስት ደቂቃ ምሳ እንዳይዘሉ፣ ቡናውን ከምግብ እንዲያርቁ፣ ከቅዳሜ ገበያ ሽምብራና ሰሊጥ እንዲገዙ ልትነግራቸው ትችላለች። ጋብቻ የሚባርኩ አባቶች፣ መጋቢዎችና ሼኮች ደግሞ ጥንዶቹን ወደ ምርመራ የሚልኩት ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ሦስት ወር ሲቀረው ቢሆን፣ ለጥር ሠርግ የጥቅምት ወር ሳያልቅ ማለት ነው፣ ክኒኑም መክሰሱም ሥራቸውን የሚሠሩበት ጊዜ ያገኛሉ።